ስለ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ስለ ዶክተርነት ትምህርት



በዚህ ገጽ ስለ ቤት አስተዳደር፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ የመረጥነው ነገር ግን ላይ ላዩን ሲያዩት የትምህርት ቤት ጉዳይ እንጂ የቤት ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጻሕፍትን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሥራቸውን ሳይለቁ የዶክተርነትን ማዕርግ ለማግኘት ስለሚማሩት ትምህርት ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ግን የዚህ ትምህርት ዋና ዋጋ የሚከፈለው በዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቤት ሳይሆን በሠራተኛው ማዕድ ዙሪያ ሆኖ አገኘነው። የሚከፍሉትም ባል ወይም ሚስት፥ ልጆችና ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ስፍራው ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ነው ብለን አመንን። ልማዱ አስቀድሞ የተጀመረውና ዛሬም በሰፊው የሚታየው በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያ እናመጣለን፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን ሥራውን እናስረዳ። ብዙ ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲባል ቍልፍ ይዞ በር የሚከፍትና የሚዘጋ፥ የመጽሐፍ አቧራ የሚያራግፍ፥ ድምፅ ያሰማውን ተማሪ ዝም የሚያሰኝ ሰው ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚገዛውን መጽሐፍ ይመርጣል፤ የገባውን በየዓይነቱ ለይቶ በመዝገብ ያገባል፤ ተማሪው የሚሻውን ነገር የት እንደሚያገኝና እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት እንደሚለይ ያስተምራል፤ መምህሩም ለምርምሩ የሚያስፈልገውን ጽሑፍ ፍለጋ ሲመጣ አብሮት ይደክማል። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወጥቶ በኤሌክትሪክ መስኮት የሚነበብ ስለ ሆነ ሥራው በረቀቀ መጠን ዕውቀቱም መርቀቅ አስፈለገው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ምርምር ሲረዳ የሚውል ሰው አንድ ቀን የራሱን ምርምር ሊሠራ ቢመኝ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍትን ሥራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ማስተማር የተጀመረው በ1887 ነው። የከፈቱትም በኒውዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ኮሌጅ ሜልቪል ዱዊ ነበሩ፤ እኒህ ሰው መጻሕፍትን በቍጥር የመመደብን ሥርዓት በ1876 ያወጡት ናቸው። ከዚህ በኋላ ቻርልስ ዊልያምሰን የተባሉ ሰው በካርኔጊ ድርጅት ታዘው ምርመራ አድርገው በ1923 ባወጡት ጽሑፍ፥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሠለጥነው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሆን መከሩ። በ1926 ይኸው የካርኔጊ ድርጅት ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠና በ1928 አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በቤተ መጻሕፍት ጥናት የዶክተርነትን ማዕርግ መስጠትም በዚያ ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ በ1989 ቢዘጋም ልማዱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተላልፎ እስከ ዛሬ ይኖራል።

ነገር ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1975 ባወጣው መግለጫ፥ በታወቀ ትምህርት ቤት የተገኘ የማስተርስ ማዕርግ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የመጨረሻው የሙያ ማዕርግ ነው ብሎ ወሰነ፤ ይህንንም ውሳኔ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አጽንቶታል። የትርጓሜውም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዶክተር ባይሆን ሙያው ጐደሎ አይባልም። ሐኪም የሕክምናን ትምህርት ሳይፈጽም ሐኪም ነኝ ሊል አይችልም፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ግን ያለ ዶክተርነት ሥራውን በሙሉ ክብር ሠርቶ በጡረታ ሊሰናበት ይችላል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ግዴታ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ግዴታ የሆነውን ነገር ቤተ ሰብ ወድዶም ጠልቶም ይችለዋል፤ ፈቃድ የሆነውን ግን አስቀድሞ ሳይጠየቅ ቢጫንበት ቅር ሊለው መብት አለው።

ታዲያ ግዴታ ካልሆነ ስለ ምን ይመኙታል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ነው እንላለን። አንደኛው ሹመት ነው። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት የበላይ ኀላፊ ሲመረጥ ዶክተርነት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይመረጣል፤ በቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤትም መምህር ሊሆን ለሚወድ ማዕርጉ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ክብር ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ከመምህራን ጋር ተቈጥረው ጽሑፍ እንዲያወጡ ይጠየቃሉ፤ ዶክተሮች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ተቀምጦ ዶክተር ያልሆነ ሰው ቃሉ እንደ ቀለለበት ሊሰማው ይችላል። ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በሥራው ላይ ያገኘው፥ መጽሐፍ ሲያገላብጥ መልሱን ያጣለት፥ ሌሊት የሚያነቃው ጥያቄ ማለታችን ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እስከ ፍጻሜ ያደርሳል ቢባል፥ ሦስተኛው ነው ብለን ሳናመነታ እንመልሳለን። ሹመት በሌላ ሰው እጅ ያለ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ተፈጽሞም ሊቀር ይችላል፤ ደመወዝም ማዕርግ በጨመረ ቍጥር ሁልጊዜ አይጨምርም። ክብርን የፈለገ ሰው ደግሞ በአራተኛው ዓመት ሌሊት ሲደክመው፥ ጐረቤቱ ያለ ማዕርግ ደስ ብሎት ሲኖር ባየ ጊዜ፥ ልቡ ይከዳዋል። ጥያቄ ያለው ሰው ግን ደክሞት ቢተኛ እንኳ ጥያቄው ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ዋጋውን እንቍጠር። የገንዘቡ ዋጋ አስቀድሞ የሚታይ ነው። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ወይም በከፊል ይተዉላቸዋል። ነገር ግን አሠሪው ለሠራተኛው ትምህርት ከሚሰጠው ርዳታ ከግብር ነጻ ሆኖ ለረጅም ዘመን የቆየው በዓመት 5,250 ዶላር ሲሆን፥ ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ደመወዝ ተቈጥሮ ግብር ሊከፈልበት ስለሚችል፥ በነጻ እማራለሁ ያለ ሰው በወር መጨረሻ ደመወዙ ጐድሎ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ይህን አስቀድመው ከገንዘብ ቤቱ ሹም ጠይቀው ይረዱ።

የሰዓቱ ዋጋ ግን በደረሰኝ የማይጻፍ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ 40 ሰዓት ለሥራ፥ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ለእንቅልፍ ስንቀንስ 72 ሰዓት ይተርፋል፤ ይህም ብዙ ይመስላል። ለመብል፥ ለመታጠብና ለመልበስ በቀን 3 ሰዓት፥ በሥራ ቀን ለመንገድ 2 ሰዓት፥ ለገበያና ለቤት ሥራ በቀን 2 ሰዓት እንተው ብንል የሚቀረው 27 ሰዓት ነው። ትምህርቱ በሳምንት 15 ሰዓት ቢወስድ፥ ለትዳር፥ ለልጆች፥ ለዘመድ ጥየቃ፥ ለለቅሶና ለሠርግ፥ ለሕመምም ሁሉ የሚተርፈው 12 ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ለሰባት ቀን ሲካፈልም ለአንድ ቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህም ለአንድ ወር ቢሆን ባልከበደ፤ ነገር ግን ለአምስትና ለስድስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአሥር ዓመት ነው። አባቱ ወይም እናቱ ትምህርት ሲጀምሩ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው፥ ሲፈጽሙ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናል፤ ያን ያለፈ የልጅነት ዘመን የሚመልስ ዲፕሎማ የለም።

የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎቻችን ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። የቅኔ ወይም የዜማ ተማሪ ከናት ካባቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ ቍራሽ እየለመነ በባዕድ አገር ይማር ነበር። መከራው ጽኑ ነበረ፤ ነገር ግን መከራውን የሚቀበለው እርሱ ራሱ ነው። ቤተ ሰቡም ሄዷል ብሎ ቍርጡን ያውቃል፤ በማዕድ ጊዜ አይጠብቀውም። በሥራ ላይ ሆኖ የሚማር ባለ ትዳር ግን ከቤቱ ሳይወጣ የሄደ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ልቡ ግን በጽሑፉ ላይ ነው። ልጁ ሲጠራው እሺ ይላል፤ አይመጣም። አለ ተብሎ የሚጠበቅ፥ የለም ተብሎም የማይማረር ሰው መሆን ለቤተ ሰብ ከስደት ይልቅ ይከብዳል።

ይህን ማለታችን ትምህርቱን ለማጥላላት አይደለም፤ በመልካም የፈጸሙት ብዙዎች ናቸውና። የሦስቱን ታሪክ ባጭሩ እናውሳ።

ሉዊስ ራውንድ ዊልሰን በ1901 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያው በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ እየተማሩም በ1905 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበሉ፤ ድርሰታቸውም ስለ ጥንታዊው የእንግሊዝ ባለ ቅኔ ስለ ቾሰር ሰዋስው ነበረ። ከዚያም እስከ 1932 ድረስ ያን ቤተ መጻሕፍት መርተው፥ ወደ ቺካጎ ሄደው ከላይ ያነሣነውን ትምህርት ቤት በበላይነት አስተዳደሩ። የእኒህ ሰው ታሪክ ሲነገር ግን ሁለት ነገር አይዘለል። ሥራቸውና ትምህርታቸው በአንድ ግቢ ነበረ፤ ሚስት ያገቡትም በ1909፥ ማዕርጉን ካገኙ ከአራት ዓመት በኋላ ነበረ። ስለዚህ ሦስት ልጆች ያሉትና ትምህርት ቤቱ የራቀበት ሰው በእርሳቸው ፍጥነት ራሱን እየመዘነ አይዘን።

ወይዘሮ ኤሊዛ አትኪንስ ግሊሰን በ1930ዎቹ ዓመታት በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ለጥቁር ሕዝብ በተሠራ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ነበሩ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በብዙ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ለጥቁሩ ዝግ ነበረ፤ ግብሩ ግን ከእርሱም ይሰበሰብ ነበር። እኒህ ሴት በ1937 ሐኪም አገቡ፤ በ1940 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክተርነትን ሲቀበሉ በቤተ መጻሕፍት ጥናት ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያይቱ ጥቁር አሜሪካዊት ሆኑ። ድርሰታቸው በደቡብ ለሚኖረው ጥቁር ሕዝብ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንዴት እንደሚተዳደር የመረመረ ነበረ፤ በ1941 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ በዚያው ዓመት እርሳቸው የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የበላይ ኀላፊ ሆኑ። ከሥራ ቦታ የተነሣ ጥያቄ ድርሰት ሆኖ መልሶ ሥራ ሲሆን የምናየው በእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛዋ ዶክተር ካርላ ሄይደን ናቸው፤ ሥራቸው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባይሆንም ለነገራችን ይጠቅማል። ከ1973 ጀምሮ በቺካጎ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት መጽሐፍ የሚያነቡ ሠራተኛ ነበሩ። የማስተርስን ማዕርግ በ1977፥ ዶክተርነትን በ1987 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ፤ በመካከሉ ባሉት አሥር ዓመታት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ፥ ከ1982 ወዲህም በዚያው ከተማ በሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ይሠሩ ነበር። ኋላም ከ2016 እስከ 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የበላይ ኀላፊ ሆኑ፤ ለዚያ ሹመት ከሴቶችም ከጥቁሮችም የመጀመሪያይቱ ናቸው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ያባቶች ተረት በእኒህ ሴት ታይቷል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚወድቁበትን ገደል እናሳይ። የዶክተርነት ትምህርት በአሜሪካ ሥርዓት ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ተማሪው በክፍል ተቀምጦ ይማራል፤ ቀጥሎ ታላቁን ፈተና ይፈተናል፤ በመጨረሻ ድርሰቱን ጽፎ በመምህራን ፊት ይከራከርለታል። በመጀመሪያው ክፍል ደወል አለ፥ መምህር አለ፥ ጓደኛ አለ፥ ቀጠሮ አለ። በሁለተኛውም ቀን የተቈረጠለት ፈተና አለ። በሦስተኛው ግን ደወሉ ዝም ይላል። ቀጠሮ የሚሰጥ የለም፤ ዛሬ ባይጻፍ ነገ የሚቈጣ የለም። መሥሪያ ቤት ግን በየቀኑ ይጠራል፤ ቤትም በየማታው ይጠራል። የሚጮኸው እየቀደመ፥ ዝም ያለው ድርሰት እየተከደነ ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ በዚያ አገር ከድርሰቱ በቀር ሁሉን የፈጸመ የሚባል፥ ተማሪም ዶክተርም ያልሆነ ብዙ ሰው አለ።

የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ጥናት፥ ዶክተርነትን ከጀመሩት መካከል በ10 ዓመት ውስጥ የፈጸሙት ከመቶው 57 ያህል ነበሩ፤ በቋንቋ፥ በታሪክና በመሳሰሉት ትምህርቶች ደግሞ ከመቶው 49 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር የሁሉን ተማሪ ነው እንጂ በሥራ ላይ ያሉትን ለይቶ የሚናገር አይደለም። ሌላ ሥራ ሳይኖረው የሚማረውን ጭምር ቈጥሮ እንዲህ ከሆነ፥ የሙሉ ቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው ሳይዘጋጅ መጀመር እንደማይገባው ያስረዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በፍርድ ቤት ጽሕፈት ላይ የምንውል ሰዎች እንደ መሆናችን የባልና የሚስትን ክርክር ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናየው፥ ጠቡ የተጀመረው ከታላቅ በደል ሳይሆን በጊዜው ሳይነገር ከቀረ ትንሽ ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ ምክራችን ከቤት ይጀምራል።

አንደኛ፤ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ይማከሩ። ጀምሬአለሁ ብሎ መንገርና ልጀምርን ብሎ መጠየቅ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚማረው ሰው ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ለትዳር ጓደኛው በቀላል ቃል ያስረዳ፤ ለቤቱ ሰው ሊያስረዳው ያልቻለውን ጥያቄ ገና ራሱም አልተረዳውምና።

ሁለተኛ፤ ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ተብሏል። በሳምንት የትኞቹ ማታዎች ለትምህርት እንደ ሆኑ፥ መጽሐፍ ፈጽሞ የማይገለጥበት ቀን የትኛው እንደ ሆነ፥ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፥ የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ማን እንደ ሆነ፥ ወጪው ከየት እንደሚወጣ ይጻፍ። በየስድስት ወሩም ተነብቦ ይታረም፤ የልጅ መወለድ፥ የወላጅ መታመም፥ የሹመት መለወጥ ሁሉን ያናውጣልና።

ሦስተኛ፤ የትዳር ጓደኛ ድካም በመዝገብ ይግባ። በአሜሪካ የዚህ ሙያ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው፤ እንግዲህ ተማሪዋ ሚስት ስትሆን ባል ደስ ይለኛል ብሎ በቃሉ ብቻ ማመስገኑ አይበቃም። እርስዋ ድርሰትዋን በምትጽፍበት ማታ ምድጃው እንዳይጠፋ፥ የልጆች ራትም እንዳይዘገይ ማድረግ የእርሱ ሥራ ነው፤ ይህን መሥራት ከወንድ ክብር አንዳች አያጐድልም። ደግሞም ሸክሙን የተሸከመው ወገን የራሱ ምኞት ሊኖረው ስለሚችል፥ የአንዱ ተራ ሲፈጸም የሌላው ተራ እንደሚመጣ በስምምነቱ ውስጥ ይጻፍ። ለአንዱ ብቻ የሚከፈት በር ውሎ አድሮ ቂም ያመጣል።

አራተኛ፤ ጥያቄው ከሥራው ይውጣ። ቀን የሚሠራው አንድ ነገር፥ ማታ የሚያጠናው ሌላ ነገር የሆነበት ሰው ሁለት ቤት እንደሚያስተዳድር ሰው ነው። ተማሪዎች መጽሐፍ ፍለጋ መጥተው ለምን ባዶ እጃቸውን እንደሚመለሱ በየቀኑ የሚያይ ሠራተኛ ይህንኑ ቢመረምር፥ ቀኑ ለሌሊቱ፥ ሌሊቱም ለቀኑ ያግዛል። ይህን የተረዱ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ፤ በቦስተን ያለው ሲመንስ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎች ሥራቸውን ሳይለቁ ስለ አመራር እንዲያጠኑ የተዘጋጀ የዶክተርነት ትምህርት ከፍቶ ነበር።

አምስተኛ፤ ደወሉ ዝም ባለ ጊዜ ሠራተኛው የራሱን ደወል ይስቀል። ከአማካሪው መምህር ጋር ቍርጥ ያለ የወር ቀጠሮ ይያዝ፤ ጥቂትም ቢሆን የተጻፈ ወረቀት ይዞ ይሂድ። እንደ እርሱ በሥራ ላይ ሆነው የሚማሩ ሁለት ሦስት ጓደኞች ቢያገኝ በሳምንት አንድ ማታ አብረው ተቀምጠው ይጻፉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። ከዓመት ዕረፍቱም ላይ ሁሉን ለድርሰቱ አያውል፤ ግማሹ የልጆቹ ነው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሥራቸው ሰው የሚያስተዳድሩ ስለ ሆኑ ለእነርሱም የምንለው አለን። ከእናንተ በታች ያለ ሠራተኛ ሊማር ሲነሣ፥ ተማር ብሎ መፍቀድ ብቻ ሥራውን አያቃልልለትም። በሳምንት ግማሽ ቀን ለጥናት ተብሎ በግልጥ ቢወሰንለት ከብዙ ምስጋና ይበልጣል፤ ድርሰቱን ሊጨርስ ሲቃረብም ጥቂት ወራት የጥናት ፈቃድ ቢያገኝ፥ ሦስት ዓመት የሚንከባለለው ሥራ በአንድ ዓመት ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን እርሱ የተወው ሥራ በድብቅ በባልንጀራው ትከሻ ላይ አይጫን፤ አለዚያ አንዱን ዶክተር ስናደርግ ሌላውን አስቀይመን እናስቀራለን። ሲፈጽምም የደከመበት ጥናት በመሥሪያ ቤቱ ተነብቦ ሥራ ላይ ይዋል። ድርሰቱን ማንም ሳይከፍተው መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ የሚያይ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኀዘኑ ከሌላው ሰው ኀዘን ይጸናል።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ የማስተርስን ማዕርግ በአገር ውስጥ መስጠት ተጀመረ፤ ዩኒሳ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲም በርቀት ለሚማሩ በአዲስ አበባ ማዕከል ከፈተ። ትምህርቱ በቀረበ መጠን፥ ከቤት ሳይወጡ የሚሄዱ ሰዎችም በየቤታችን ይገኛሉ ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለሚያቋርጠው ሰው እንናገር። ልጅ ታሞበት፥ ሚስቱ ወይም ባልዋ ተቸግሮ፥ ኑሮ ከብዶ ትምህርቱን የሚተው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ጠፍቶ እንዳይቀር፥ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቶ የዕረፍት ጊዜ ይጠይቅ፤ በሥርዓት የወጣ ሰው በሥርዓት ሊመለስ ይችላልና። ባይመለስም አይፈርበት። ያነበበውን ማንም አይወስድበትም፤ የማስተርስ ማዕርጉም በሙያው ማኅበር ፊት እንደ ቀድሞው ሙሉ ነው። ዘመዶችና ጐረቤቶችም መቼ ትጨርሳለህ፥ መቼ ትጨርሻለሽ እያሉ በየግብዣው ከመጠየቅ ይቈጠቡ፤ ይህ ጥያቄ ለሚጠይቀው ጨዋታ፥ ለሚጠየቀው ግን ጦር ነው።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ይህን መንገድ ሊጀምር የተነሣ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ጥያቄህ ምንድን ነው? ቤተ ሰብህስ ምን አሉ? ለሁለቱም መልስ ካለው አበረታቱት፥ በምትችሉትም ሁሉ ርዱት። ለአንዱ መልስ ቢያጣ ግን መልሱን እስኪያገኝ ድረስ አንድ ዓመት ይቈይ፤ ዩኒቨርሲቲው አይሄድም፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ ያድጋሉ።